ለእሳት የተቀመጠ ውሃ

ማክሰኞ

ዛሬም ቁልፉን የሚረከበኝ ጠፋ። ጋሽ ታደሰ ቤት ድረስ ሄጄ «ጋሼ፣ ይኸው፣ ለሌላ ሰው ይስጡልኝ» ብላቸው ሳቁብኝ። «አንቺ ብትይዥው ነው የሚሻለው፣ አንቺን ሰው ይፈራሻል» አሉኝ። እኔን? በቀለ እንኳን ባሌ ሆኖ አይፈራኝም።

ነገሩ የሮቶው ነው። አምና በበጋ ከላይ ከባህር ዛፉ የተነሳው እሳት የሁለት ጎረቤት ቤት ከበላ በኋላ እድራችን የእሳት ኮሚቴ አቋቋመ። ጋሽ ታደሰ ሰብሳቢ፣ ባለሱቁ ሸምሱ የጎበዛዝቱ አለቃ፣ እኔ ደግሞ ቁልፍ ያዥ። እጄን ለሌላ ነገር አውጥቼ ነበር መሰለኝ። አዋጥተን ትልቅ ሮቶ ገዛንና ከመጨረሻዎቹ ቤቶች በላይ፣ ጫካው ሊጀምር ሲል አስቀመጥነው። በቦቴ አስሞላነው። ቧንቧው ላይ ቁልፍ ተደረገበት። ለእሳት ብቻ ተባለ፣ ተጨበጨበ።

ያኔ የቤታችን ውሃ በፈረቃ ይመጣ ስለነበር ማጨብጨብ ቀላል ነበር። አሁን ፈረቃችን አንዴ አለፈን፣ ደግሞ አለፈን። ሰው ጀሪካን አንጠልጥሎ ታች ሾላ ሰፈር ድረስ ይወርዳል። ተመልሶ ዳገቱን ሲወጣ ቀና ካለ ሮቶው እዚያ ላይ ሞልቶ ቆሟል። ንዴቱን ማን ላይ ይወጣው? እኔ ላይ ነዋ። «የውሃ ሚኒስትሯ፣ ዛሬ ስብሰባ የለም?» ይሉኛል። እስቃለሁ። እቤት ስገባ ግን አልስቅም።

ዛሬ ብርቄም ጠየቀችኝ። ብርቄ ማለት ልጆቻችንን አንድ ላይ ያሳደግን ሰው ናት። ከጫካው ቅጠል ጠርጋ፣ በጀርባዋ ተሸክማ እየሸጠች ነው የኖረችው። ቤቷ የመጨረሻው ነው፣ ከአጥሯ ወዲያ ዛፍ ነው። ልጇ ትዕግስት ሰሞኑን ሴት ልጅ ወልዳ እሷ ጋ ተኝታለች።

«የአራስ ልብስ በምን ልጠብ አስናቁ?»

«የእሳት ውሃ ነው ብርቄ» አልኳት። ከራሴ በርሜል ግማሽ ጀሪካን ቀዳሁላት፣ ከዚያ በላይ የለኝም። ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝም። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ረቡዕ

የጠረጋ ተራዬ ነበር። ከቤቶቹ በላይ ሰፋ ያለ መንገድ አድርገን ደረቁን ቅጠልና የዛፉን ልጥ እንጠርጋለን፣ እሳቱ ሲመጣ የሚበላው እንዲያጣ። እኛ ወደፊት ስንጠርግ ነፋሱ ከኋላችን መልሶ ያለብሰዋል። ወገቤ ወገቤ አይደለም።

ዘንድሮ ሁለቱም ጾም ገጥሟል። እኔ ሁዳዴ፣ ሸምሱ ረመዳን። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ አስናቁ፣ እናንተማ በዘጠኝ ሰዓት ታመልጣላችሁ» አለኝ መጥረጊያውን ተደግፎ። «እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ነኝ።»

«አምልጬ ሽሮ ነው የምበላው፣ አንተ ማታ ሾርባህንና ሳምቡሳህን ትደረድር የለ?»

«ይምጡና ይካፈሉኛ!»

«ሥጋ አለበት!»

«ለእርስዎ በምስር አሠራለሁ።» እንደዚህ እየተባባልን ነው የጨረስነው። ባንሳሳቅ ኖሮ አንጨርሰውም ነበር።

ስንወርድ አንድ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰውዬ ግቢው ውስጥ ቆሻሻ ያቃጥላል። በዚህ ነፋስ! ሸምሱ «ወንድሜ አጥፋው» ሲለው «የገዛ ግቢዬ ነው» አለ። «ግቢው ያንተ ነው፣ ነፋሱስ የማን ነው?» አለና ሄዶ በእግሩ አፈር ደፋበት። ሰውዬው ተሳደበ፣ እሳቱ ግን ጠፋ። የዛሬ ድላችን ይቺ ናት።

ብርቄን መንገድ ላይ አገኘኋት። «ደህና ዋልሽ» አለችኝ፣ አለፈች። ሁልጊዜ ቆማ አንድ ሰዓት ነበር የምታወራኝ።

ሐሙስ

ከፈትኩት። ምን ላድርግ።

ጠዋት ሰው ሳይወጣ ብርቄ ቤት ብቅ ብዬ ነበር። ትዕግስት ተኝታለች፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ቤቱ የረጠበ ጨርቅ ይሸታል። ያቺ ቤቷ ንጹሕ የሆነች ሴት አፍራ በሩ ላይ ቆመችብኝ፣ እንዳልገባ። ወደ ሮቶው ወጣሁና ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሁለት ጀሪካን ሞላሁላት። እያለቀሰች ተሸከመችው።

አንድ ሰው አይቶናል። ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ረፋዱ ላይ ሮቶው ሥር ጀሪካን ተሰልፏል። «ለብርቄ ሲሆን ይከፈታል፣ ለእኛ ሲሆን እሳት?» አለችኝ አንዷ። እውነቷን ነው። ለቤት አንድ ጀሪካን፣ ከዚያ በላይ የለም ብዬ ከፈትኩ። አንድ ጀሪካን ያልኩት ሁለት ሆነ፣ አንዷ አማቷን ጨምራ መጣች፣ አንዱ የተከራዮቹን ይዞ መጣ። እምቢ ማለት እችል ነበር? እንጃ። አፌ እምቢ ሲል እጄ ቧንቧው ላይ ነበር።

ዘጋሁና ሮቶውን በእጄ መታ መታ አደረግሁት። እስከ ወገቤ ድረስ ባዶ ድምፅ ነው። ከዚያ በታች ነው ደፍኖ የሚሰማው።

ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። አልጮሁም፣ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «አሁን እሳት ቢነሳ በምን ልናጠፋው ነው ልጄ? በእንባሽ?» አሉኝ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለበቀለ ማታ ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ ሚኒባሱን ሲነዳ ውሎ ራሱም ደክሞታል። «አንዴ ሆኗል፣ ነገ ቦቴ እንዲያስመጡ ንገሪያቸው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቦቴ በምን ገንዘብ? እሱን አልጠየቅኩትም፣ አንኮራፍቷል።

ዓርብ

ዓይኔን ያቃጥለኛል። ሰው አልሞተም። እሱን አስቀድሜ ልጻፍ። ሰው አልሞተም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሸምሱ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ጭሱን አየ። ጥሩምባ ነፊው እንዲነፋ ተላከበት። ጥሩምባው የእድሩ ነው፣ ሰው ሲሞት ረዥም ይነፋል፣ ለእሳት ደግሞ ሦስት አጭር አጭር ተብሎ ተስማምተናል። ሰውዬው ሽማግሌ ነው፣ ዳገቱን ሮጦ ትንፋሹ አለቀና እንደለመደው ረዥሙን ነፋው። ሕዝቡ ምን ያድርግ? ነጠላውን አዘቅዝቆ ለልቅሶ ወጣ! አካፋ የያዘ የለም፣ ገጀራ የያዘ የለም። እማማ ወርቄ ከታመሙ ቆይተዋልና ሁሉም የጠረጠረው እሳቸውን ነው። ሴቶቹ «እሜትዬ፣ እሜትዬ» እያሉ ደጃቸው ሲደርሱ እማማ ወርቄ ግድግዳ ተደግፈው ብቅ አሉና «ማን ሞተ?» አሉ።

አሁን ስጽፈው እስቃለሁ። ያኔ የሳቀ አልነበረም። እሳት መሆኑን ተነጋግረን እስክንግባባ ድረስ ነበልባሉ ከትናንት ወዲያ የጠረግነው ጋ ደርሶ ነበር።

ጠረጋው አዘገየው፣ መሬት ለመሬት የሚሄደው እዚያ ጋ ቆመ። በላይ በላይ የሚመጣውን ግን ምን ያቆመዋል? ልጡ እየነደደ ተገንጥሎ በነፋስ ይበርራል። ጎበዛዝቱ እርጥብ ቅርንጫፍ እየቆረጡ መሬቱን ይደበድቡታል። ሸምሱ ፊቱ ከሰል መስሏል። ጋሽ ታደሰ «ልጄ አንድ ጉንጭ ጠጣ፣ ፈጣሪ ያያል» ቢሉት ተጉመጥምጦ ተፋው እንጂ አልዋጠም። ከእኛም ምሳ የቀመሰ የለም።

የሮቶውን የውሃ ጎማ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የበረረው ፍም ብርቄ ግቢ፣ የቅጠል ክምሯ ላይ ወደቀ። ስንት ጊዜ የለቀመችው፣ ለሽያጭ ያስቀመጠችው ደረቅ ቅጠል ነው፣ ወዲያው እንደ ቤንዚን ተያያዘ። ከክምሩ ማድቤቷ፣ ከማድቤቷ ቀጥሎ ቤቱ። ትዕግስትን ከነሕፃኗ በጋቢ ጠቅልለው አወጧት። ጎማው እስከ ማድቤቱ ድረስ ይደርሳል፣ ውሃውን ለቀቅሁበት። ሊሸነፍልን ነበር። እውነቴን ነው፣ እየጠቆረ ነበር። ከዚያ ጎማው እጄ ላይ ቀለለ። ሳል እንደያዘው ሰው ትፍ ትፍ አለና ቆመ።

ብርቄ አጠገቤ ቆማለች። ጎማውን አየችው። እኔን አየችኝ።

ማድቤቱ ወደቀ። ቅጠሉ ሁሉ ሄደ። ቤቱን ያተረፉት ጀሪካኖቹ ናቸው። አንዱ ከቤቱ ይዞ ሮጠ፣ ሌላው አየውና ተከተለ፣ ትናንት የቀዱት ውሃ መሆኑ ነው። እየተቀባበሉ ግድግዳውንና ጣራውን አራሱት። በሩን ዘግቶ በርሜሉን የጠበቀም አለ። ስሙን አልጽፍም። የእሳት አደጋ መኪናው መጥቶ ነበር፣ መንገዱ ስለጠበበው ታች ቀረ፣ ሰዎቹ ጎማ ጎትተው በእግራቸው ወጡና ከላይ ያለውን አጠፉልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

መግሪብ ሲሆን ሸምሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ አየሁት። ጠጥቶ ጠጥቶ ጀሪካኑን አቀፈው። አሁን ልተኛ።

ቅዳሜ

ሚካኤል ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም። እግሬ እምቢ አለኝ። ስስል ጥቁር ነው የሚወጣው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሽ ታደሰ «ሮቶው ሙሉ ቢሆን ማድቤቱ ይተርፍ ነበር» አሉ። ሸምሱ ደግሞ «ጋሼ፣ ውሃው በየቤቱ ባይኖር ከቤቱ ጀርባ ጎማው የማይደርስበትን በምን እናርሰው ነበር?» አላቸው። ተጨቃጨቁ። እኔ መሀል ተቀምጬ አንዱ ሲናገር ልክ ነው እላለሁ፣ ሌላው ሲናገር እሱም ልክ ነው እላለሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ ታደሰ በጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። «ባዶ ሮቶ ማን ይሰርቃል፣ አንቺው ያዥው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ተናደድኩ፣ ቆይቼ እኔም ሳቅሁ።

የተወሰነው፦ ለእሳት ጥሩምባ ቀርቶ ፊሽካ ይገዛ። ለብርቄ ማድቤት ቆርቆሮና እንጨት ይዋጣ። ቤት ያለው ሁሉ ለእሳት አንድ ጀሪካን ሙሉ ደጁ ያስቀምጥ። ጥሩምባ ነፊው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር፣ አሳዘነኝ።

ብርቄ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ደጇ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

እሑድ

ዛሬ ውሃ መጣ። ዛሬ! ቧንቧው ሲንፏፏ ሰማሁትና ከአልጋዬ መነሳት አቃተኝ። በቀለ ነው ተነስቶ በርሜሉን የሞላው። «ሚኒስትሯ፣ ሥራሽን እየሠራሁልሽ ነው» ይላል። ይበል።

ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ሰው ሮቶው ውስጥ ሊገለብጥ ሙሉ ጀሪካን ሲያወጣ አየሁ። ብዙ አይደለም። ከታች ትንሽ ረጥቧል ቢባል ነው።

አመሻሹ ላይ ብርቄ መጣች። አልጠራኋትም። ደጄ ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ጋ። ሕፃኗ ደህና ናት፣ ትንሽ ታስነጥሳለች አለችኝ። ስለ ቆርቆሮው አወራን። ስለ ትዕግስት ጡት አወራን።

«ዓርብ ዕለት ጎማው ሲደርቅ» አለች፣ «ምነው ሐሙስ እምቢ ባለችኝ አልኩ። ትናንትም ቀኑን ሙሉ እሱን ስል ዋልኩ። ቅጠሌን ሳስብ፣ አንቺን ማየት አስጠላኝ።»

ምን ልበላት? ለአንቺ ስል ነው የከፈትኩት ማለት አማረኝ፣ ዋጥኩት።

«ከዚያ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት ሕፃኗ ታጥባ እንዴት እንደተኛች ትዝ አለኝ። ከተወለደች እንደዚያ ተኝታ አታውቅም። ተውኩት።»

«ተውሽው?»

«እንጃ» አለች። «የተውኩት ይመስለኛል።»

እኔም እንጃ። ቢደገም ምን እንደማደርግ ከሐሙስ ጀምሮ ራሴን እየጠየቅኩ ነው፣ በሐሳቤ ጠዋት ጠዋት እዘጋዋለሁ፣ ማታ ማታ እከፍተዋለሁ። ክረምቱ ገና ሩቅ ነው። ብርቄ ነገ ጠረጋ አብራኝ እንደምትወጣ ነገረችኝ፣ ያልነደደ ቅጠል ካለ ይዛ ለመመለስ።

ነፋሱ ድንገት ሲነሳ ሁለታችንም እኩል ወደ ጫካው ዞርን። ጭስ የለም። የተቃጠለውን አመድ ነው የሚያስነሳው። እስኪረጋ ድረስ አየነው፣ ከዚያ ብርቄ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች።