ከበር ውጭ ስላቆምኋት ስለ ሸምሶ

እኔ ሰይፈ ሚካኤል ወልደ ሰንበት፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ፣ የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ፣ ዛሬ ጥቅምት ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ በቤቴ ተኝቼ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ኩላሊቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ማንም አላስገደደኝም። አቶ ክፍሉ ይጽፋሉ፤ ምስክሮቼ፣ ሦስቱ የቀድሞ ሠራተኞቼና ጎረቤቴ ዐብዲራዛቅ፣ ይሰማሉ። ከዚህ በፊት የተናዘዝሁት ካለ ተሽሯል።

የምኖርበት ቤት ከነዕቃው ለልጄ ለስምረት ነው። እናቷ ሰርካዲስ ካረፈች ወዲህ አንስታ ያስተኛችኝ እርሷ ናትና ማንም አይከራከራት።

መንገድ ዳር ያለችው ሱቅ ግን ለወይዘሮ ሸምሶ ዒልሚ ትሰጥ። ስምረት፣ “ይህቺ ሴትዮ ደግሞ ማናት?” ብለሽ ዓይንሽን አታፍጥጪ፤ ልንገርሽ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሳለሁ በሥሬ አራት ሰፊዎች ነበሩ፤ ሸምሶና እነዚህ ለምስክርነት የጠራኋቸው ኩልሚዬ፣ ዲሪርና አኒስ። አንድ ቀን ሸምሶ በፋብሪካው ባለቤት ፊት “ልኬቱን ያበላሸኸው አንተ ነህ” አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ውኃ ሊጠጡ ሲነሱ እሺ፣ እርሷ ስትነሳ ስድብ። ኩልሚዬ ስታጠፋ አይዞሽ፣ ሸምሶ ስታጠፋ ሁሉንም ፍቺና እንደገና ስፊ። በዚያ ሙቀት የእርሷን ቬንቲሌተር ብቻ ነቀልሁ።

ሁሉንም ብነካ ኖሮ አብረው ይነሱብኝ ነበር። አንዷን ለይቼ ስመታ ግን “በእኔ አይምጣ” ብለው አንገታቸውን ደፉ። አኒስ፣ አታልቅስ፤ ገና አልጨረስሁም።

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አራቱም ያረፈዱ ዕለት ሦስቱን አስገብቼ ሸምሶን ከበር ውጭ አቆምኋት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እስከ ቀትር በድሬ ፀሐይ ቆመች፤ እኔ ከዘበኛው ጋር ሻይ እየጠጣሁ እመለከታት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፅንሱ ወረደ። ሐኪሙ ከዚያ የተነሳ ነው አላለም። እኔም ሌላ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

ስምረት፣ አንቺም ዘንድሮ ኃላፊ ሆነሻል። “ያቺ ልጅ ነገረ ሥራዋ አይጥመኝም” ስትይ ሰምቼሻለሁ። እኔም የጀመርሁት እንዲሁ ነው። ተይ ልጄ!

አሁን አስጠርቻት እዚሁ የተቀመጠችውን ሸምሶን አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብያታለሁ። አቶ ክፍሉ፣ የመለሰችልኝን ሳያለዝቡ ይጻፉ።

“አቦ! አፉ የምልህ በሱቅ ነው?” አለችኝ። ወደ አቶ ክፍሉ ዞራም “ምስክር የሆነ ሰው ይወርሳል?” አለቻቸው።

“አይወርስም” አሏት።

“እንግዲያው ጎረቤቱ ዐብዲራዛቅ ይነሳ፤ አራተኛዋ ምስክር እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አለቆቹ ዘንድ ስከስ አየሁ ያለልኝ ሰው አልነበረም። ወላሂ፣ እነዚህ ሦስቱ ያዩትን በእጃቸው ሳይጽፉ ከዚህ ቤት አልወጣም።”

ስለዚህ ስለ ሱቁ ያልሁት ቀርቷል፤ ለስምረት ይሁን። ሸምሶ ይቅር አላለችኝም።

ይህ ቃል በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ሁሉም በዚያው ሰዓት ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ሰይፈ ሚካኤል ወልደ ሰንበት

፩ኛ ኩልሚዬ በሺር፦ ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜም አይቻለሁ።

፪ኛ ዲሪር ዐብዲሐኪም፦ ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜም አይቻለሁ።

፫ኛ አኒስ ዐብዲቃድር፦ ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜም አይቼ ዝም ብያለሁ።

፬ኛ ሸምሶ ዒልሚ፦ ሰምቻለሁ።