ሳትፈተን የመጣችው ጀልባ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እንቅልፍህስ? ባለቤትህና ትንሿ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ጤነኛ ናት። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልግታው፤ ተናድጄብሃለሁና ፈገግ እያልኩ ልጽፍልህ አልችልም። በስልክ ልነግርህ ብል «ቀንተሽ ነው» ብለህ ዘጋህብኝ። ደብዳቤ ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ስለላክሃት ጀልባ አባዬ በስልክ የነገረህን ሁሉ እርሳው። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ሙሽራ ጫማ የምታብረቀርቅ። ግን ለሠርግ ነው እንዴ የምንፈልጋት? አባዬ ነፋሱ ሲነሳ እህልና ሰው ጭኖ ማዶ ሊሻገርባት እኮ ነው! ሞገዱ ከሁለት ወገን እየመጣ የሚጋጭበትን የወሽመጡን አፍ ረሳኸው? ሆዷ ዝርግ፣ ጎኗ ዝቅ ያለ፣ ከሥር የሚይዛት ይህ ነው የሚባል ክብደት የላት፤ የሸራ ምሰሶዋ ደግሞ ለሁለት ጀልባ ይበቃል። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ለሚሽቀዳደሙ ሰዎች የተሠራች ናት። አንተ ፎቶ አይተህ መረጥክ። አንድ ቀን ደውለህ «ምን ዓይነት ትሁን?» ብትል ምላስህ ይቆረጥ ነበር?

ቤታችን ጀልባ እንዴት እንደሚመረጥ ታውቃለህ። አሮጌዋ ጀልባችን ስትመጣ ገመዱን ይዘን የጎተትነው እኔና አንተ ነን። አባዬ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ምሰሶዋ ጫፍ ገመድ ያስርና፣ በጎኗ አስተኝቶ ይለቃታል። በራሷ ከተነሳች የኛ ናት። ተኝታ ከቀረች ግን በወርቅ ብትለበጥም አይቀበላትም። አሮጌዋ ዘላ ስትነሳ ከራስህ እስከ እግርህ አርሳህ አንተ ስታለቅስ፣ እሱ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ነበር።

ያንተዋን ግን «የልጄ ስጦታ አይፈተንም» ብሎ እምቢ አለ። ገመዱን ሳመጣ ተቆጣኝ። ጎረቤታችን አናጢው ከሥሯ ብረት እንጨምርባት ቢለው «ልጄ የማያውቀውን አንተ ልታውቅ ነው?» ብሎ አሳፈረው።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ሲሄድ ጠብቄ ከአናጢው ጋር አስተኛኋት። ለቀቅናት። አልተነሳችም። ውሃው በጎኗ እየገባ እንደ ሰካራም ተዘርራ ቀረች። ለማቃናት ስንታገል አባዬ ከተፍ አለ። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ፣ አብሮን አቃናት፣ ውሃዋን ቀድቶ ጨረሰ፣ ጎኗን በገዛ ሸሚዙ ወለወለላት። ከዚያ «ለሱ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል» አለኝ።

ገባህ? እንደማትነሳ በዓይኑ አይቷል! አይቶም፣ የነፋሱ ወር ሲገባ ሰው ጭኖ ሊወጣባት ነው፤ አንተ እንዳይከፋህ። ሸራዋን አልሰፋም ብዬዋለሁ፤ ሌላ ሰፊ ፈልጎ አምጥቷል። እማዬ አልቅሳ ለመነችው፤ አልሰማትም። እኔ ተናድጃለሁ፤ በሱም፣ በአንተም።

ከአንተ ቃል ግን አይወጣም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ደውልና በገዛ አፍህ «ተሳስቻለሁ አባዬ፣ አትሳፈርባት» በለው። ማን እንደነገረህ ከጠየቀህ እኔን ጥራ፤ ይቆጣኝ፣ እችለዋለሁ። ይሄን ማለት ካቃተህ ና፣ አንተም አብረኸው ተሳፈር።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሿን ልጅህን ሳምልኝ። እማዬ በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሃለች። አናጢውም እንደዚሁ። አባዬ ደግሞ ስጽፍልህ አይቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ «ጀልባዋ በጣም ተመችታኛለች በይልኝ» ብሏል።

እህትህ
ከሸራ መስፊያው ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ