ያላቃጠለኝ ጥጥ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግንባሬና ዓይኔ ላይ የወጣብኝ አልማዝ ባለጭራ ከለቀቀኝ ወዲህ ግራ ዓይኔ አላመመኝም። ድኗል ብዬ ተኩራርቼ ነበር። ዛሬ ሐኪሟ በጥጥ ጫፍ ነካችው፤ ምንም አልተሰማኝም።

«እማማ፣ ብሌንዎ ቆስሏል» አለችኝ። «ሕመም የሚነግርዎት ነርቭ ነው ብሌኑንም የሚጠግነው። እሱን በሽታው አደንዝዞታል።»

አቃቂ ፋብሪካ ክር ስንፈትል ብናኝ ጥጥ ዓይኔ ከገባ እሳት ነበር። የሥራ ጓደኛዬ በላይነሽ በነጠላዋ ጫፍ እያወጣችልኝ፣ «አንቺ አልቃሻ፣ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቅሽ?» ትለኝ ነበር። ያን ማቃጠል ስረግም ኖሬ አሁን ናፈቀኝ፤ የእኔ ዕድል እንዲህ ነው።

ቀኙን ሞራ ጋርዶታል። በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርኩትን ፊደል የማነበው በዚህ በግራው ነው። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ጠብታ አድርጌ፣ «እባክህ አቃጥለኝ» አልኩት። በላይነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትሰማኝ ትስቅብኝ ነበር።