ለእማ፣ ስለ ውሻውና ስለ አረንጓዴው ቀለም

እማ፣ የኔ ደግ፣

ከተለየሽን ለፍልሰታ አራት ዓመት ይሞላል። ቤቱ ደህና ነው። ወንድሜ ሲሳይ ሚስት አግብቷል፤ የበጎቹን ጉረኖ ወደ ላይኛው በኩል አዛውሮታል፤ ገብሱም ዘንድሮ አይከፋም። አዲስ ውሻ አምጥቶ በየዓመቱ ያስከትበዋል። ያንቺን ውሻ ግን ስሙን እንኳ አናነሳም።

እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ነው የምሠራው። ለምን እንደመረጥኩት ለማንም አልተናገርኩም። እናትሽስ ሲሉኝ ታማ ሞተች ብዬ አልፋለሁ።

ሥራዬን ላስረዳሽ። ሰውነት በሽታን ለይቶ የሚይዝበት አንቲቦዲ የሚሉት ነገር አለው። የሚፈልገውን ካገኘ ሙጭጭ ይልበታል፤ ግን ለዓይን አይታይም። እኔ የሚያበራ አረንጓዴ ቀለም አጣብቅበታለሁ። ከሞተው ውሻ አንጎል በተወሰደች ቅንጣት ላይ አፍስሰን እናጥባታለን፤ በሽታው ካለ በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ቀለሙ ከበዛበት መያዙን ይተዋል፣ ካነሰው አይታይም። መጀመሪያ ያዘጋጀሁ ጊዜ ቸኩዬ፣ ያልተጣበቀውን ትርፍ ቀለም ሳላጣራው ቀረሁና የጤነኛው ውሻ አንጎል ሳይቀር አረንጓዴ ሆነ። አለቃዬ ሁሉንም አስደፋኝ።

እማ፣ ያኔ ውሻችን እጅሽን እንደነከሰሽ ደውለሽ ስትነግሪኝ ተማሪ ነበርኩ፣ ፈተና ደርሶብኝ። የቤት ውሻ ነው፣ በሳሙና ታጠቢው፣ ምንም አይደለም አልኩሽ። አንቺም የተማረች ልጄ ካለች ብለሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሽውን እምነት ቁስሉ ላይ ቀብተሽ ሐኪም ቤት ሳትሄጂ ቀረሽ። ሲሳይ ውሻውን ገድሎ ገደል ከተተው፤ የሚመረመር ነገርም አልቀረም። ከሳምንታት በኋላ ታመመች ተብዬ ስደርስ ውሃ ሲያሳዩሽ ትንቀጠቀጪ ነበር። ያዘናጋሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ሲሳይም አያውቅም።

ከሁለት ወር በፊት ከእኛው አካባቢ፣ ከፍላቂት የውሻ ጭንቅላት በበረዶ ሳጥን መጣ። የተነከሰችው ሴትዮ ውጤቱ ሳይታወቅ መርፌ አልጀምርም ብላ ቤቷ ተቀምጣለች። እኔ ባዘጋጀሁት ቀለም አየሁት፤ ጨለማ ነው። አልተገኘም ብዬ ልፈርም ብዕር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከሌላኛው የአንጎሉ ወገን ወስጄ ደገምኩት። አንድ ጥግ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ነጠብጣቦች አበሩ። የጤነኛውን ውሻ ቅንጣት አጠገቡ አድርጌ አየሁ፤ እሱ አላበራም።

ወረቀቱ እስኪደርሳት አልጠበቅኩም፤ ቅጹ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩላት። ውሻው አብዶ ነበር፣ ዛሬውኑ ይሂዱና መርፌውን ይጀምሩ አልኳት። አላመነችኝም፤ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ አለችኝ። የገነተ ማርያሟ የዘነቡ ልጅ ነኝ፣ እናቴን የገደላት ይኸው በሽታ ነው፣ ምንም አይደለም ያልኳትም እኔው ነኝ አልኳት። በይ መሄዴ ነው አለችኝ።

መርፌዋን ጨርሳለች፣ ደህና ናት።

ከእንግዲህ አልደብቅሽም እማ። እናትሽስ ላለኝ ሁሉ ስምሽንም፣ የሞትሽበትንም እናገራለሁ። እስካለሁ ድረስ እንዲህ ነው የማስብሽ። ለሲሳይ ግን በስልክ አይሆንም፤ ለፍልሰታ መጥቼ፣ ፊት ለፊት እያየኝ እነግረዋለሁ። ቢቆጣኝም ይቆጣኝ።

ልጅሽ