ልጄ ትከሻ ላይ የቀረው እጅ

ለተከበሩ ዶክተር ሀብተ ጊዮርጊስ
የሲያትልና አካባቢዋ የሐበሻ ሐኪሞች ማኅበር ሊቀ መንበር
ሾርላይን

መስከረም 2014 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ እናኑም፣ ልጅዎ ሚኪም፣ የማኅበሩም ወንበሮች በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ወንበሮቹን መጠየቄ ሰው የሚቀመጥባቸው በዓመት አንዴ ብቻ ስለሆነ እንዳይበርዳቸው አስቤ ነውና በድፍረት አይቁጠሩብኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚሁ ሲያትል ሶዶ የሚሉት ሰፈር ባለው የልብስ ማጠቢያ ድርጅት የሐኪሞችን ነጭ ጋውን ስተኩስ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የእርስዎም በእጄ ሳያልፍ አይቀርም፤ እጅጌው ምንም ያልቆሸሸ ሲያጋጥመኝ ይኼ የሊቀ መንበራችን መሆን አለበት እያልኩ በአክብሮት አጥፈዋለሁ።

በማኅበረሰባችን ጋዜጣ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የታደለኝ የማኅበሩ የአሥረኛ ዓመት በዓል መጥሪያ ነው። በመጥሪያው ላይ ልጄ ማዕረግ አዲሱን ነጭ ጋውኗን ለብሳ ትስቃለች፤ ከሥሯም «የማኅበራችን ፍሬ» ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው ወር የሕክምና ትምህርት ቤት ስትገባ ጋውን ባለበሷት ቀን የተነሳችውና ፌስቡኳ ላይ ያደረገችው ፎቶ ነው። ልጁ ስትመሰገን ደስ የማይለው ወላጅ የለም፤ ዳሩ ግን አስተውለው ቢያዩት ትከሻዋ ላይ ባለ ሰማያዊ ቀለበት የሴት እጅ አለ። የእጁ ባለቤት ከአንጓዋ ተቆርጣ የለችም። ይህን የማኅበራችሁን የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና እያደነቅሁ ስለ ተቆረጠችው ሴት ልመሰክር ተነሥቻለሁ፤ ቅሬታዬንም ለጽሕፈት ቤትዎ እንዲመች በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. የዛሬ ሁለት ዓመት በዘመን መለወጫ በዓል ማኅበሩ ጠረጴዛ ዘርግቶ ነበርና ቀርቤ፣ ሕክምና ለመማር አፕላይ ልታደርግ ያሰበች አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ የሚመክራት ሐኪም ይገኝ ይሆን ወይ ብዬ በትሕትና ጠየቅሁ። እርስዎም በርቺ በያት፣ በጸሎት እናስባታለን ብለው የማኅበሩን መጽሔት ሰጡኝ። ለጸሎቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጽሔቱንም ቤቴ ወስጄ ብገልጠው እርስዎ ለምክትልዎ፣ ምክትልዎም ለእርስዎ ዋንጫ ስትሸላለሙ አየሁ፤ ሁለታችሁም ሱፍ ያምርባችኋል።

፪. ቡሪየን ውስጥ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ሉፔ የሜክሲኮ ሰው ናት፤ ልጇ ሶሌዳድ የልጄ እኩያ ነች። ይህች ሴት አፏ ክዳን የለውም። ልጇ ሐኪም ልትሆን እንዳሰበች ለሰፈሩ ተናገረች፤ ፈተና ስትወድቅ ተናገረች፤ ደግማ ስትቀመጥ ተናገረች፤ ቀጥሎም የላቲኖ ሐኪሞች ማኅበር ለልጇ የራሷ መካሪ እንደመደበላት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ነገረችኝ። እኔም በሆዴ፣ ኧረ አንቺ ሴትዮ ዓይን ይበላሻል እል ነበር። እሑድ ከሰዓት ግን መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ፣ ዶክተር ባራኦና የምትባል ስንት በሽተኛ የሚጠብቃት ሴት፣ አሮጌ መኪናዋን እነ ሉፔ በር ላይ ፓርክ አድርጋ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያረመችውን የሶሌዳድን ድርሰት ይዛ ስትገባ አያለሁ። ቀናሁ። ክቡር ሆይ፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። የእኛዎቹስ ቀይ እስክሪብቶ አጥተው ነው እያልኩ ስብሰለሰል በዚያ ሳምንት ሁለት ጋውን በካውያ አቃጥያለሁ፤ ባለጋውኖቹ የማኅበርዎ አባላት ከሆኑ ይቅርታ አልጠይቅም።

፫. ይኼኛው ቅሬታ ግማሹ በራሴ ላይ ነው። እኛ ሐበሾች «ሳይሆን አይወራም» የሚል ሕግ አለን፤ እኔም ከሕጉ ዝንፍ ብዬ አላውቅም። አንዲት የማውቃት ልጅ ያልኩዎት የገዛ ልጄ ነበረች። ሰፈሩን ሁሉ ነርሲንግ ነው የምትማረው ብዬ አሳምኜ፣ እሷንም አፍሽን ዝጊ ብዬ አስምያት ነበር። አንድ ቀን ሉፔ በአጥሩ በኩል ማዕረግን ምን ልትሆኚ ነው ስትላት፣ እኔ ነርሲንግ ልል አፌን ስከፍት፣ ልጅት በእንግሊዝኛዋ እውነቱን ዘረገፈችው። ሉፔም በማግስቱ ቅዳሜ ሁለታችንን ጎትታ የላቲኖ ሐኪሞቹ ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደሚሰበሰቡበት የላይብረሪ ክፍል ወሰደችን።

እዚያ ያየሁትን አልረሳውም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፈዋል፤ ማን የት አፕላይ እንዳደረገ፣ ማንን እንደተቀበሉ፣ ማንን እንደመለሱ፣ ልጆቹ በገዛ እጃቸው ስማቸውን እየጻፉ ያሰፍሩበታል። አማተብኩ። ወረቀቱን ሸፍኑት ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ለዶክተር ባራኦና እኛ የእናንተ ሰዎች አይደለንም ብዬ ይቅርታ ስጠይቃት፣ ሰማያዊ ቀለበት ባጠለቀው እጇ እያመለከተች፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ትቀመጥ አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የልጄን ድርሰት ዘጠኝ ጊዜ አርማ መለሰችባት። እንደ ፈታኝ ሆና እየጠየቀች እስክታስለቅሳት ድረስ አለማመደቻት፤ በሳምንት አንድ ቀንም ኮል እያደረገች እንቅልፍሽ እንዴት ነው ትላት ነበር።

፬. ባለፈው ጥር ወይዘሮ እናኑን ገበያ አግኝቻቸው ሚኪ ምን እየተማረ ነው ብላቸው ኮምፒውተር ነገር አሉኝ፤ የማዕረግን ሲጠይቁኝ ነርሲንግ አልኳቸው፤ ተመራርቀን ተለያየን። በሳምንቱ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ኢንተርቪው በሚደረግበት ሕንፃ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከኋላችን ሁለቱም ልጆች ጥቁር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። እሳቸው የታመመ ሰው ሊጠይቁ እንደመጡ ነገሩኝ፤ እኔም የታመመ ልጠይቅ ነው አልኩ፤ እግዚአብሔር ይማርልን ተባባልን። ሚኪ ግን ደግ ልጅ ነውና ተራ እስኪደርሳቸው የያዘውን ጥራዝ ለልጄ ገልጦ አሳያት፤ በአሥር ዓመት የተጠራቀመ የኢንተርቪው ጥያቄ ከነመልሱ፣ ፊቱ ላይ የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት። ያን ጊዜ ነው ማኅበሩን ያለ ሥራ ተቀምጧል እያልኩ ሳማው መኖሬ የከነከነኝ። ለካ ይሠራል፤ የሚሠራው እርስዎ ሳሎን ውስጥ ነው።

፭. አምስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ነገር ግን የጋውኑን ቀን ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። የሶሌዳድ ስም ሲጠራ አሥራ አራት ዘመድ ከመቀመጫው ተነሥቶ አዳራሹን በጩኸት ቀወጠው። የልጄ ስም ሲጠራ እልል ያልኩት እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ማን ይምጣልኝ? ለማን ነገርኩና! እልልታዬ መሐል ላይ ሊሰበር ሲል ሉፔ አሥራ አራቱንም ዘመድ መልሳ አስነሣቻቸው፤ የልጄን ስም እያጣመሙ ጮኹላት። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ቀናሁባቸው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። እንዲህ ያለ ወገን ለምን ለእኛ አልተሰጠንም እያልኩ አምላኬን ስሞግት፣ አምላክ ሰጥቶን ደብቀነው እንደሆነስ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ሙግቴን ተውኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ወይ ልጄን ከመጥሪያው ላይ ያውጡልኝ፣ ወይም የእጁን ባለቤት ከነፊቷ፣ ከነስሟ፣ ከነማኅበሯ መልሰው ይስፉልኝ። ሐኪም ስለሆኑ መቁረጡን ብቻ ሳይሆን መስፋቱንም እንደተማሩ አምናለሁ።

ማኅበርዎ በጸሎት ያሰበልኝን ሁሉ በጸሎት እየመለስኩ፣ ካውያዬን ለአፍታ አስቀምጬ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የውብዳር
የማዕረግ እናት፣ የሉፔ ጎረቤት
ቡሪየን

ልጨምር፦ ሚኪ ዘንድሮ እንዳልተቀበሉት ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ወይዘሮ እናኑ ለሰው ሁሉ አንድ ዓመት ሊያርፍ ፈልጎ ነው ማለታቸውንም ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂም ነው የምሄደው ካለዎት ግን አደራዎን አይቆጡት። ከግንቦት ጀምሮ እኛ ጋ ቡሪየን ላይብረሪ ነው የሚውለው፤ ዶክተር ባራኦና ድርሰቱን ለሰባተኛ ጊዜ አርማ መልሳበታለች። ምስጢር አወጣችብኝ እንዳይሉኝ፣ ግድግዳው ወረቀት ላይ ስሙን ከነአባቱ ስም በገዛ እጁ ጽፎታል። ተማሪ በዝቶ የሚያርም ሐኪም አንሷቸዋልና፣ አንድ ቅዳሜ ከተመቸዎት ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ብቅ ይበሉ። ወንበር እነሱ ጋ አለ።