አንዲቱ ኮከብ ሁለት ሆና እስክትታይ የጠበቁት የመምህርት ደብሪቱ ሰይፈ ሥላሴ ሕይወት

መምህርት ደብሪቱ ሰይፈ ሥላሴ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ያርጋል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምዬ ገዱ በዳባት ወረዳ በመስከረም ወር 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቁጥር ትምህርት፣ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ። ቤተሰቡ ይበልጥ የሚወደው ግን መሪጌታ ከእራት በኋላ ደጅ ወጥተው ከዋክብቱን ሐመል፣ ሰውር፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን እያሉ በየስማቸው ሲያሳዩ ነበር። ደብሪቱ ፊደል ሳይለዩ ሰንቡላን ለዩ።

ስምንተኛ ክፍልን ዳባት ጨርሰው “ጎንደር ወርጄ ልማር” ባሉ ጊዜ መሪጌታ አልፈቀዱም። “የሰማዩን ነገር ከእኔ በላይ ማን ያስተምርሻል?” አሏቸው። ልጅቱም፣ “አባ፣ እርስዎ ስማቸውን ነገሩኝ፤ እኔ ምን እንደሆኑ ማወቅ እፈልጋለሁ” ብለው መለሱ። መሪጌታ ክፉኛ ተቀየሙ። ወይዘሮ ዓለምዬ ስንቅ ቋጥረው ልጃቸውን ሸኙ፤ አባትና ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ከዋክብት አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ብዙ ዘመን ኖሩ።

መምህርት ደብሪቱ በፊዚክስ ዲፕሎማ ተመርቀው በ1974 ዓ.ም. ደባርቅ ተመደቡ፤ በዚያው ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተማሩ። በ1977 ዓ.ም. ከደባርቅ አዲ አርቃይ ጭነት ከሚያመላልሱት ከአቶ ዘመነ ሀብተ ሚካኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሕሊናን እና ድረስን አፈሩ።

በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ከመጡ የእርዳታ ዕቃዎች መካከል የክንድ ርዝመት ያለው፣ እግር የሌለው ቴሌስኮፕ ተገኘ። አቶ ዘመነ ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ላይ ብረት አስበይደው መቆሚያ አሠሩለት። አብሮት የመጣው መጽሐፍ ሰንቡላ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለች አንዲት ብሩህ ኮከብ በእርግጥ ሁለት መሆኗን ይናገራል። መምህርት በሚያዝያ፣ ሰንቡላ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከፍ ስትል፣ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው አዩ። ያዩት አንዲት ኮከብ ብቻ ነበር። በደብተራቸውም “አንድ” ብለው ጻፉ።

በዓመቱም አንድ ነበረች። “መጽሐፉ ሁለት ካለ ሁለት ብለሽ ብትጽፊስ?” ላላቸው ባልደረባ፣ “ያላየሁትን አልጽፍም” አሉት። ዓይናቸውን ተጠራጥረው ጎንደር ድረስ ሄደው ተመረመሩ፤ ዓይናቸው ጤነኛ ነበር። ቆይተው ነው ነገሩን በሌላ መጽሐፍ ያገኙት፤ ሁለቱ ከዋክብት እርስ በርስ ይዞራሉ፤ አንዱ ዙር መቶ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ይፈጃል፤ በ1997 ዓ.ም. ከመቼውም በላይ ተቀራርበው ስለነበር ገና በትንሽ ቴሌስኮፕ ሊለዩ አልቻሉም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። መምህርት ይህን ባወቁ ጊዜ ለመጠበቅ ቆረጡ። በ2002 ዓ.ም. “ሞላላ ትመስላለች” ብለው ጻፉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. ምሽት አቶ ዘመነን ከቤት ጠርተው፣ “ምንም ሳልነግርህ እይልኝ” አሏቸው። አቶ ዘመነ ጎንበስ ብለው ጥቂት ቆዩ። “የመኪና መብራት ነው የሚመስል” አሉ። “ሊማሊሞን ከታች የሚወጣ መኪና ከሩቅ አንድ መብራት ይመስልና ቀረብ ሲል ሁለት ይሆን የለ? እንደዚያ ነው። ሁለት ናቸው፣ ደብሬ።” መምህርት ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

በ2006 ዓ.ም. ቴሌስኮፑን በባለቤታቸው መኪና ጭነው ዳባት፣ ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸው አባታቸው ዘንድ ወሰዱት። የመሪጌታ አንድ ዓይን ሞራ ለብሶት ነበርና በደኅናው አዩ። መምህርት የዙሩን ዘመን ሲነግሯቸው፣ ቀኑን ሁሉ ሲያሰሉ የኖሩት ሊቅ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። “እንግዲህ ዳግመኛ የሚገናኙት በሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ስድስት ነዋ! እኔም አንቺም፣ የልጆችሽም ልጆች በሌሉበት!” አሉ። ከዚያም ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ በብርዱ ቆሙ። “ስማቸውን ሳስተምር ኖርሁ” አሉ በመጨረሻ፤ “ይህን ግን አላየሁም። ሄደሽ መማርሽ ደግ ሆነ፣ ልጄ።” በዚያ ምሽት አባትና ልጅ ብርዱ እስኪያስገባቸው ድረስ ስለ ከዋክብት ተጨዋወቱ። መሪጌታ በዓመቱ ዐረፉ።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ግላኮማ የመምህርትን የዓይን ብርሃን ቀስ በቀስ ወሰደው። በ2011 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነበር። ሆኖም ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ግቢ ይወጣሉ፤ አቶ ዘመነ ያያሉ፣ ሕሊና ትጽፋለች፣ እርሳቸው ይጠይቃሉ። የሠፈሩም ሰው ተራ ይዞ ያይ ነበር።

የኩላሊት ሕመም ከጸናባቸው በኋላ፣ ባለፈው ሚያዝያ፣ አልጋቸውን ቤተሰቡ ተሸክሞ ደጅ አወጣላቸው። “በመሐላቸው ያለው ጨለማ ምን ያህላል?” ብለው ጠየቁ። አቶ ዘመነም፣ “አሁንማ ሌላ ኮከብ ቢመጣ መሐል ገብቶ ይቀመጣል” አሏቸው። መምህርትም ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

መምህርት ደብሪቱ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን አቶ ዘመነን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በየሀገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። በሐዘናችን ያልተለያችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። የእናታችንን ነፍስ መምሸት በሌለበት ሀገር፣ ከወላጆቻቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።