ቶአን ያልተጉመጠመጠበት ውሃ

ስንዱዬ፣

እናንተ ዝናብ ሲመጣ ትፈነድቃላችሁ፤ እኛ እዚህ ካ ማው፣ ሽሪምፕ አርቢዎቹ ዘንድ፣ እንርበደበዳለን። የጠዋቱ ዶፍ የኩሬያችንን ጨው አቀጠነው። ቅርፊታቸውን ገና የጣሉት ሽሪምፖች ገላቸው ውሃ እየቋጠረ ይዝለፈለፋሉ። የሚያድናቸው ከባሕር የሚገባው ጨዋማ የቦይ ውሃ ነበር፤ ግን ጎረቤታችን ቶአን ሩዙ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጭቶ፣ ዝናቡ መድኃኒቱን ወደ ቦዩ አጥቦታል ብለን ፈራን።

«ኧረ ምንም የለውም፤ የቦዩን በር ክፈቺው!» አላት ቶአን አከራዬን ሊየንን።

ሊየን ከቦዩ በኩባያ ቀዳችለት። «ጨው ለጥርስህም ደግ ነው፤ እስቲ ተጉመጥመጥበት።»

ኩባያውን እስከ ከንፈሩ አደረሰና መለሰላት።

በሩን ቆለፈችው። አሁን ያለንን ጨው በጆንያ ኩሬው ላይ እየደፋን ነው፤ የጓዳውም አልቀረ።

እማማ ተዋቡን ሳሚልኝ። ካርዱ ጨው ጨው ካለሽ እንባ እንዳይመስልሽ፤ ገና አላለቀስንም።